ስለ ባሕር ጨዋማነትና ስለ ምድር ዕድሜ

ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች የሚወርደው ትንሹ አቃቂ የመካኒሳንና የላፍቶን ሸለቆዎች አቋርጦ፥ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን ወደ ኋላ ትቶ፥ ከአገራችን ቀደምት የኤሌክትሪክ ግድቦች አንዱ በሆነው በአባ ሳሙኤል ከታቆረው ውኃ ጋር ሲቀላቀል፥ ሁሉም ከሚያየው ጭቃና የከተማ ጥራጊ ሌላ በዓይን የማይታይ ጭነትም ይዞ ይሄዳል፤ ይኸውም በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የተሰወረው የድንጋይ ጨው ነው። ዝናም ከሰማይ ሲወርድ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ ጥቂት የመኮምጠጥ ባሕርይ ያገኛል፤ ይህም ውኃ በእንጦጦ፥ በወጨጫና በፉሪ ተራሮች ላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከዘመን ወደ ዘመን እየበላ፥ በድንጋዩ ውስጥ ታስረው የነበሩትን ሶዲየምንና ካልሲየምን፥ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን ፈትቶ ይወስዳቸዋል። በለቡ፥ በጀሞና በላፍቶ ቤት ለመሥራት መሠረት ያስቆፈረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፥ በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር ዋልካ፥ ድንጋይ የሚሟሟውን ክፍሉን ለወንዝ ካስረከበ በኋላ የቀረ ትራፊ ነው። በመሐል ከተማ የሚፈልቀው ፍል ውኃም ከምድር ከርሥ ያመጣውን ብዙ ሶዲየም ወደዚሁ የወንዞች ሥርዐት ያፈስሳል።

እንግዲህ በየአገሩ ያለ ተራራ ሁሉ እንዲህ እየሟሟ በየቀኑ ወደ ባሕር የሚወርድ ከሆነ፥ ፀሐይም ከባሕር ፊት ውኃውን ብቻ እያተነነች ጨውን በስፍራው የምትተው ከሆነች፥ ባሕር ከትናንት ይልቅ ዛሬ፥ ከዛሬም ይልቅ ነገ ጨዋማ እየሆነ የሚሄድ ይመስላል። ይህ እውነት ከሆነም በባሕር ውስጥ የተከማቸውን ጨው መዝኖ፥ ወንዞች በየዓመቱ ለሚያስገቡት መጠን አካፍሎ፥ ምድር ከተፈጠረች ስንት ዘመን እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልምን? ጥያቄው ለአእምሮ የቀረበ፥ ስሌቱም ማንኛውም ተማሪ ሊሠራው የሚችል ቀላል ስሌት ነው። ስለዚህም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ታላላቅ ሊቃውንትን ሲያመራምር ቆይቶአል፤ የሳይንስ ሰዎች ከተዉት በኋላም የምድርን ዕድሜ አሳንሰው የሚቆጥሩ ወገኖች እንደ ማስረጃ ያነሡታል። እኔ ደግሞ የዚህ ክርክር ታላቅ ምስክር በአገራችን በኢትዮጵያ፥ በአፋር ዝቅተኛ ምድር ተዘርግቶ እንደሚገኝ ስለማምን፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በርጋታ መመርመር ይገባናል እላለሁ።

ሐሳቡን አብራርቶ በጽሑፍ ያቀረበው፥ በየ76 ዓመቱ ያህል የሚመለሰው ጅራታም ኮከብ በስሙ የተጠራለት እንግሊዛዊው የከዋክብት መርማሪ ኤድመንድ ሃሊ ነው። ሃሊ በ1715 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር ባቀረበው አጭር ድርሳን፥ ወንዝ እየገባባቸው ወንዝ የማይወጣባቸው እንደ ካስፒያንና እንደ ሙት ባሕር ያሉት ሐይቆች ጨዋማ መሆናቸውን አስተውሎ፥ ታላቁ ውቅያኖስም መውጫ እንደሌለው ሐይቅ ነውና ጨዋማነቱ በዚሁ መንገድ የተገኘ መሆን አለበት ሲል ደመደመ። ሃሊ የእኛን ስምጥ ሸለቆ ባያውቅም ለሐሳቡ ከዚያ የተሻለ ምሳሌ ባላገኘ ነበር። ደምበል ተብሎ የሚጠራው የዝዋይ ሐይቅ ከመቂና ከቃጣር ወንዞች የተቀበለውን ውኃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ስለሚያስተላልፍ ለመጠጥ የሚበቃና ዓሣ የሚራባበት ነው፤ መውጫ የሌላቸው አብያታና ሻላ ግን ሶዳ የሞላባቸው፥ ለአንደበት የሚመሩ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሸለቆ፥ በአንድ ፀሐይ ሥር ይኖራሉ፤ ልዩነታቸው አንዱ የተቀበለውን ሲሰጥ ሌላው ሳይሰጥ መቅረቱ ነው።

ሃሊ ጠንቃቃ ሰው ነበርና ቁጥር አልሰጠም። ያቀረበው ምክር በዘመኑ የአንዳንድ ሐይቆችና የባሕር ጨዋማነት ተለክቶ እንዲጻፍ፥ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የሚነሡ ሊቃውንትም ዳግመኛ ለክተው ከጭማሪው ዕድሜውን እንዲያሰሉ ነው፤ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን በዘመናቸው ይህን ልክ ጽፈው ባለመተዋቸውም አዝኖአል። ዋና ዓላማውም ዓለም መጀመሪያ የለውም የሚለውን የጥንት ፈላስፎች ትምህርት ለመቃወም ነበር፤ ጨው መጀመሪያ በሌለው ዘመን ሲከማች ቢኖር ኖሮ ባሕር እስከ ዛሬ በጨው በረጋ ነበርና። ነገር ግን በዚህ መንገድ ቢፈለግ ዓለም ብዙዎች ከሚገምቱት ይልቅ በዕድሜ የገፋ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል አልሸሸገም።

በዚህ ስፍራ የኛን የዘመን አቆጣጠር ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ ይጠይቀኛል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከአዳም እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዘመን ቆጥረው፥ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረው ዓመተ ዓለሙን ያገኛሉ፤ ከዚያም በባሕረ ሐሳብ ሥርዐት ወንጌላዊውን፥ መጥቅዑንና አበቅቴውን እያወጡ አጽዋማትንና በዓላትን ያውጃሉ። ይህ ቁጥር ከቅዱሳት መጻሕፍት የትውልድ ቆጠራ የወጣ፥ የጸሎትና የበዓል ሥርዐት የቆመበት ቁጥር ነው፤ ከድንጋይና ከጨው ምርመራ የተገኘ አይደለም፤ ሊቃውንቱም ባሕር በሚዛን ተመዝኖ ይመስክርልን ብለው አልጠየቁም። ሃይማኖቱን በጨው ሚዛን ሊያጸና የሚነሣ ሰው ሚዛኑ በተዛባ ጊዜ ሃይማኖቱም የተዛባ እንዲመስል ያደርጋልና፥ የአባቶች አለመጠየቅ ለእኔ ታላቅ ጥበብ ሆኖ ይታየኛል።

ከሃሊ በኋላ መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል አለፈ። በ1899 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅ የሥነ ምድር መምህር የነበረው ጆን ጆሊ ስሌቱን በእርግጥ ሠራው። ጆሊ ከልዩ ልዩዎቹ ጨዎች መካከል ሶዲየምን የመረጠበት ምክንያት ነበረው፤ ካልሲየምን ዛጎልና ዛጎል መሰል ፍጥረታት ለቤታቸው ይወስዱታል፥ ሶዲየም ግን ወደ ባሕር አንዴ ከገባ በውኃ ውስጥ ይቀራል ብሎ አመነ። በባሕር ያለው ሶዲየም በቶን ሲቆጠር 14 ወይም 15 ሺህ ትሪሊዮን ይደርሳል፤ ወንዞች በየዓመቱ የሚያስገቡት ደግሞ በጊዜው በነበረው መለኪያ 160 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ጆሊ አንዱን ለሌላው አካፍሎ፥ ጥቂት ማረሚያም አድርጎ፥ ውቅያኖስ ከተፈጠረ ከ80 እስከ 90 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል አለ። ሎርድ ኬልቪን የምድርን መቀዝቀዝ አስልቶ በ1897 ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ብሎ ስለነበር፥ የድንጋይ መርማሪዎችም ከዚህ የረዘመ ዘመን ይሹ ስለነበር፥ የጆሊ ቁጥር ሁለቱን ወገኖች የሚያቀራርብ መስሎ በደስታ ተቀበሉት።

የጆሊ ማካፈል ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የተቀመጠው ከማካፈሉ በፊት ነው። አንድ ገበሬ በጎተራው 20 ኩንታል ጤፍ ቢገኝ፥ በየዓመቱም 10 ኩንታል እንደሚያስገባ ቢታወቅ፥ ይህ ሰው ማረስ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው ብሎ የሚፈርድ የለም፤ ቤተሰቡ ከጎተራው ሲበላ፥ ለዘር ሲወጣለት፥ ለገበያም ሲጫን መኖሩ የታወቀ ነውና። 20ን ለ10 አካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እህል ወደ ጎተራው ከገባበት ቀን እስከሚወጣበት ቀን በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይነግረናል። የባሕር ጨው ስሌትም እንዲሁ ነው። ባሕር ጨው የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት ማጠራቀሚያ ከሆነ ቁጥሩ ዕድሜ ነው፤ ጨው የሚወጣበት በር ካለው ግን ቁጥሩ የጨው መቆያ ዘመን እንጂ የባሕር ዕድሜ አይደለም። ስለዚህ የክርክሩ ሁሉ ማሰሪያ አንድ ጥያቄ ነው፤ ጨው ከባሕር ይወጣልን?

ለዚህ ጥያቄ ዳሎል ይመልሳል። ዳሎል የሚገኝበት የሰሜን አፋሩ የደናክል ረባዳ ምድር ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች የወረደ ሲሆን፥ ከቀይ ባሕር የሚለየው ከፍታ እጅግ ብዙ አይደለም። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር በዙላ ሰላጤ በኩል ወደዚህ ረባዳ ተደጋግሞ ገብቶአል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የገባውም የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ግድም እንደ ሆነ በዳር በዳሩ የቀሩት የባሕር ኮራል ድንጋዮች ይመሰክራሉ። ኮራል በጨው ባሕር ውስጥ ካልሆነ በቀር አይበቅልምና፥ ዛሬ ግመል በሚሄድበት ደረቅ ምድረ በዳ የኮራልን አጥር ማየት ባሕሩ በስፍራው እንደነበረ የሚያጠራጥር ነገር አይተውም። ከዚያ በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ውኃውም ከዓለም ሞቃታማ ስፍራዎች አንዱ በሆነው በዚያ ምድር ላይ ተንኖ አለቀ፤ ጨው ብቻ ቀረ። ይህ መግባትና መድረቅ ተመላልሶ ስለተፈጸመ በረባዳው የተነባበረው የጨው ንጣፍ ውፍረቱ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ሲሆን፥ አንዳንድ ግምት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ያደርሰዋል። የባሕር ውኃ ሲደርቅ ጨዎቹ በተራ ይረጋሉ፤ አስቀድሞ ጂብስ፥ ቀጥሎ የምንበላው ጨው፥ ውኃው ፈጽሞ ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ ፖታሽ ይቀመጣል፤ በዳሎል ሦስቱም በመገኘታቸው ያ ባሕር እስከ መጨረሻው ጠብታ እንደ ደረቀ ይታወቃል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያኖች በስፍራው ፖታሽ ያወጡ የነበረውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ንጣፍ የአፋርና የትግራይ ሠራተኞች በመጥረቢያ ጠርበው፥ በእንጨት ፈንቅለው የሚያወጡት አሞሌ ምንድን ነው? ከባሕር የወጣ ሶዲየም ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በአገራችን ሲመላለስ ጨው በመላው መንግሥት እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፎአል፤ አሞሌ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር ጎን ለጎን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በየገበያው ሲመነዘር ኖሮአል። በበርሃሌ በኩል ወደ መቀሌ የሚወጣው የግመል ጉዞ፥ ከዚያም ወደ ጎጃምና ወደ ከፋ ይዘልቅ የነበረው ንግድ፥ ከዚህ አንጻር ቢታይ ከቀይ ባሕር የተለየውን ጨው ወደ ደጋ የሚያወጣ ጉዞ ነበር። ነጋዴዎቹ የተሸከሙት ለስሌቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በምድር የቀረው ግን ትንሽ አይደለም፤ እንደ ጆሊ ባለ ስሌትም ለእንዲህ ያለው መውጫ የተሰጠ ስፍራ የለም።

ዳሎል ብቻውን የቆመም አይደለም። በ1970 ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የምርምር መርከብ የሜዲትራኒያንን ወለል በቆፈረች ጊዜ፥ ያ ባሕር የዛሬ 5 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ ከአትላንቲክ ተቆርጦ እጅግ እንደ ደረቀ የሚያስረዳ የጨው ንጣፍ ተገኘ፤ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ ከ1 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው ይህ ንጣፍ ከዓለም ውቅያኖስ ጨው ከመቶ 5 ወይም 6 ያህሉን ወስዶ እንደ ቀበረ ይገመታል። አንድ ትንሽ ባሕር በጥቂት መቶ ሺህ ዓመታት ይህን ያህል ካስወጣ፥ በአውሮፓ፥ በእስያና በአሜሪካ ከምድር በታች ተቀብረው የሚገኙት ከዚህ የበለጠ ዕድሜ ያላቸው የጨው ንጣፎች ሁሉ ተደምረው ምን ያህል እንዳስወጡ አንባቢ ራሱ ይመዝን።

ሌሎችም በሮች አሉ። ሞገድ ሲሰበር ነፋስ የሚያነሣው ረቂቅ የባሕር ጤዛ ጨውን ወደ የብስ ያመጣል፥ በዝናምም ይወርዳል፤ ስለዚህ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚያስገባው ሶዲየም ከፊሉ ቀድሞ ከባሕር የወጣው ነው፤ ከፊሉም ዝናም ካሟሟቸው የጥንት ጨው ንጣፎች የመጣ ነው፤ እርሱን እንደ አዲስ ገቢ የሚቆጥር ሰው አንዱን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ከሁሉ ይልቅ ግን ትልቁ ግኝት የመጣው ከጥልቁ ነው። በ1977 በጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ በውቅያኖስ ወለል የፍል ውኃ ምንጮች ተገኙ፤ ከዚያ ወዲህ በተደረገው ጥናት የባሕር ውኃ በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ፥ ትኩስ ባዛልት ውስጥ ተዘዋውሮ፥ ተመልሶ እንደሚወጣ ታወቀ። በዚህ ዝውውር ድንጋዩ ካልሲየሙን ለውኃው ይሰጣል፥ ሶዲየምንና ማግኒዚየምን ከውኃው ይወስዳል። ይህ ዓይነት ባዛልት በኤርታ አሌ ዙሪያ ፈስሶ ከምናየው ጋር የሚዛመድ ነው፤ በኛና በዓረብ ምድር መካከል በቀይ ባሕር ጥልቆችም በ1960ዎቹ እጅግ ጨዋማ የሆነ ትኩስ ውኃ የታቆረባቸው ጕድጓዶች ተገኝተዋል። ቀደም ብለን ያነሣነው ዋልካም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው፤ እንዲህ ያለው የሸክላ አፈር በወንዝ ታጥቦ ባሕር በገባ ጊዜ የያዘውን ካልሲየም ለቆ በምትኩ ሶዲየምን ይይዛል፥ ከዚያም ይዞት ወደ ወለሉ ይሰጥማል።

የመግቢያውስ ነገር? ጆሊ የወንዞች ገቢ በዘመናት ሁሉ እንዳልተለወጠ አስቦ ነበር። ዛሬ ትንሹ አቃቂ በመካኒሳ በኩል ሲያልፍ የሚሸከመው ጨው ከመቶ ዓመት በፊት ከተሸከመው ጋር አንድ አይደለም፤ ቆዳ ፋብሪካዎች ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚነሰነስበትን ጨው አጥበው ወደ ወንዝ ይለቃሉ፥ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽም በሽንትና በምግብ የወጣውን ጨው ያክልበታል። የዓለም ወንዞች ሁሉ በእርሻና በደን ጭፍጨፋ፥ በፋብሪካና በከተማ ምክንያት ከቀድሞው የበዛ ይጭናሉ፤ ከሰው በፊትም ቢሆን ተራሮች ከፍ ባሉበት ዘመን መታጠቡ ይበረታል፥ ዝቅ ባሉበት ዘመን ይደክማል። የዛሬውን ፍጥነት ለጥንቱ ሁሉ መስጠት ማስረጃ የሌለው ግምት ነው።

ይህን ሁሉ ትተን ስሌቱን እንዳለ ብንቀበለው እንኳ በራሱ አፍ ይፈረድበታል። ጨው ሁሉ ዕድሜን የሚናገር ከሆነ ስለ ሶዲየም የተደረገው ለሌሎችም ሊደረግ ይገባልና፤ ዛሬ ባለው ልኬት በሶዲየም ቢሰላ 70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይወጣል፥ በካልሲየም ቢሰላ 1 ሚሊዮን ያህል፥ በአሉሚኒየም ቢሰላ ደግሞ ከጥቂት መቶ ዓመት አያልፍም። አሉሚኒየም እውነተኛ ምስክር ቢሆን ኖሮ ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም በሄደችበት ዘመን ባሕር አልነበረም ማለት ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው የሚጣሉት ዕድሜን ስለማይናገሩ ነው፤ እያንዳንዱ የሚናገረው ያ ንጥረ ነገር በውኃ ውስጥ የሚቆይበትን ዘመን ነው። አሉሚኒየም ፈጥኖ ይሰጥማል፥ ካልሲየምን ፍጥረታት ይበሉታል፥ ሶዲየም ዘግይቶ ይወጣል።

በ1990 ስቲቨን ኦስቲንና ራስል ሃምፍሪስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የጥንቱን ክርክር በአዲስ መልክ አንሥተው ነበር፤ ምድር ወጣት ናት ከሚሉት ወገን ቢሆኑም መውጫ በሮችን ለመቁጠር መሞከራቸው ከጆሊ አልፈው መሄዳቸው ነውና በዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። በየዓመቱ 457 ሚሊዮን ቶን ሶዲየም ይገባል፥ 122 ሚሊዮን ቶን ብቻ ይወጣል ብለው፥ መግቢያውን አሳንሰን መውጫውን አብዝተን ብንገምት እንኳ ባሕር ከ62 ሚሊዮን ዓመት ሊበልጠው አይችልም ሲሉ ደመደሙ። ነገር ግን በውቅያኖስ ወለል ውስጥ ትኩሱ ባዛልት የሚወስደውን ሶዲየም እጅግ አሳንሰውታል፤ ዳሎልንና የሜዲትራኒያንን ንጣፍ የመሰሉት ታላላቅ መውጫዎችም በየሚሊዮን ዓመቱ የሚከፈቱ ስለሆኑ የአንድ ዓመት ሚዛን አይዛቸውም። ሌላም ነገር አለ፤ 62 ሚሊዮን ዓመት ከብዙ ቢሊዮን ዓመታት ቢያንስም ከዓመተ ዓለሙ ሰባት ሺህ ተኩል ዓመት ጋር የሚያገናኘው መንገድ የለም፤ ይህን ማስረጃ ለወጣት ምድር የሚያቀርብ ሰው የያዘው ቁጥር የራሱን ቁጥር ስምንት ሺህ ጊዜ የሚበልጥ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

ጨው ዕድሜን ካልነገረን ምን ነገረን? መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሄንሪ ቤከሬል በ1896 የዩራኒየምን ጨረር ካገኘ በኋላ፥ በ1907 አሜሪካዊው በርትራም ቦልትዉድ ዩራኒየም ዘመኑን ጠብቆ ወደ እርሳስ የሚለወጥ መሆኑን ተጠቅሞ የማዕድናትን ዕድሜ አሰላ፤ በ1956 ደግሞ ክሌር ፓተርሰን የሰማይ ድንጋይን እርሳስ መርምሮ የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት አደረሰው። ይህ መንገድ ከጨው መንገድ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የአተም መፈራረስ በሙቀትና በዝናም፥ በተራራ ከፍታና በወንዝ ብዛት አይፈጥንም፥ አይዘገይም፤ መርማሪውም ማዕድኑ ከረጋ ጀምሮ በር ያልተከፈተበት መሆን አለመሆኑን በሁለትና በሦስት ልዩ ልዩ መለኪያ አመሳክሮ ሊፈትነው ይችላል። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደ ሆናት የታወቀው በዚሁ ዓይነት ጥበብ፥ በአፋር የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የታሰረው ፖታሲየም ወደ አርጎን የተለወጠበትን መጠን በመለካት ነው። ጆሊ ራሱ የጨረር አፍላቂ ማዕድናትን በትጋት ያጠና፥ ራዲየምን ለካንሰር ሕክምና እንዲውል የደከመ ታላቅ ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1933 ከጨው ቁጥሩ በቀላሉ አልተለየም፤ የራሱን ድካም ከፊቱ አስቀምጦ በእኩል ዓይን መመርመር ለሊቅም ከባድ እንደ ሆነ ከእርሱ እንማራለን።

ጨው ግን የራሱ የሆነ እውነት አለው። በጥንት ጨው ቅንጣቶች ውስጥ ቅንጣቱ ሲረጋ የተያዙ ረቂቅ የባሕር ውኃ ጠብታዎች ይገኛሉ፤ እነዚህም በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት ዘመን ውስጥ የባሕር ማግኒዚየምና ካልሲየም ከዘመን ወደ ዘመን ሲለዋወጥ፥ ባሕሩ ግን ከዛሬው እጅግ ያልራቀ ጨዋማነት ይዞ እንደ ኖረ ያስረዳሉ። ዛሬ በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው የሚገኘው ስለዚህ ነው፤ የሚገባውና የሚወጣው በረጅም ዘመን ተመዛዝነው የሚኖሩበት ልክ እንጂ ሊሞላ የቀረው ማሰሮ ምልክት አይደለም። ሃሊ የመከረው ልኬት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬ ቢደረግም የጠበቀው ጭማሪ አይገኝም ነበር።

የሃሊን ምክር በውቅያኖስ ከመፈተን ይልቅ መውጫ በሌለው ሐይቅ እንፈትነው የሚል ቢኖር፥ ለዚህ ደግሞ የራሳችን አዋሽ አለ። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ የወጣው ውኃ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ገብቶ፥ በቆቃ ግድብ አልፎ፥ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሄደው ከዚያ ወንዝ ጋር በአፋር ምድር ተጕዞ፥ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 እና በ1934 በአውሳ ሱልጣን ግዛት አልፎ የአዋሽን መጨረሻ ለውጭው ዓለም እስካስረዳ ድረስ ወንዙ የት እንደሚቀር በአውሮፓ ሰዎች ዘንድ በእርግጥ አልታወቀም ነበር፤ የአፋር አርብቶ አደር ግን ሁልጊዜ ያውቀዋል። ላፍቶ ውስጥ ለወጥ የሚጨመረው ጨው በአብዛኛው የሚመጣው፥ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር በላይ ወደ ታች ከወረደው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው፤ ከሰውነትና ከማድ ቤት ወጥቶ በአቃቂ ሲታጠብም ጕዞው ወደ አፋር ይመለሳል፤ ከውኃው ጋር አቤ የሚደርሰው በዚያ ይቀራል።

እንግዲህ በአቤ ያለውን ጨው መዝኖ ለአዋሽ ዓመታዊ ጭነት ቢያካፍሉት የአዋሽ ዕድሜ ይገኛልን? አይገኝም። የዛሬ 9 እና 10 ሺህ ዓመት በነበረው የዝናም ዘመን አቤ ከዛሬው እጅግ የሰፋ ሐይቅ እንደ ነበር ከፍ ብለው የሚታዩት የጥንት ዳርቻዎቹ ይናገራሉ፤ በዚያው ዘመን ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ተጋጥመው፥ ሞልተው ወደ አዋሽ ፈስሰዋል። መውጫ የለውም የተባለው የአብያታ ሶዳ እንኳ ያን ጊዜ መውጫ አግኝቶ ታጥቧል ማለት ነው። ዝናሙ ሲያንስ ሐይቆቹ ዳግመኛ ተለያዩ፥ ጨውም ዳግመኛ መከማቸት ጀመረ፤ የዛሬው ልኬት ቢያስረዳም የሚያስረዳው ከዚያ መታጠብ ወዲህ ያለውን ዘመን ነው። አንዳንዱም ጨው ሐይቁ በሸሸበት ዳርቻ ደርቆ ነፋስ ይወስደዋል።

የደናክል ጨውም ለዘላለም ተቀብሮ የሚቀር አይደለም። በመስከረም 2005 በአፋር በደባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር ተሰንጥቆ፥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተላቆአል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን መለያየት ለክተው አጥንተዋል። የዓረብ ምድር ከአፍሪካ በየዓመቱ በሴንቲ ሜትር ልክ እየራቀች ስትሄድ አፋር ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በሚመጡት ሚሊዮን ዓመታት ቀይ ባሕር እንደገና መንገዱን አግኝቶ ይገባል፥ መግቢያውም ሳይዘጋ ከቀረ ያ የተነባበረ ጨው በከፊል ተመልሶ በባሕር ውስጥ ይሟሟል። በዚያን ዘመን የሶዲየምን ገቢ የሚመዝን ሰው የሚያገኘው ቁጥር ጆሊ ካገኘው ይለያል፤ ባሕሩ ያው ባሕር፥ ምድርም ያቺው ምድር ሆና ሳለች።